የጉበት ደም መልስ ሲዘጋ፦ የቤህቼት በሽታና የደም ማቅጠኛው ክርክር

«የደም መርጋት» የሚለው ቃል ከሐኪም ክፍል ወጥቶ የቤትና የመንገድ ወሬ ከሆነ ጥቂት ዓመታት አልፈዋል። ለዚህ ትልቁን ድርሻ የያዘው የኮሮና ወረርሽኝ ነው። በመጀመሪያ ቫይረሱ ራሱ ደም እንደሚያረጋ ተሰማ፤ ቀጥሎም እ.ኤ.አ. በ2021 የአስትራዜኔካ ክትባት እጅግ ጥቂት በሆኑ ተከታቢዎች ላይ፣ በአንጎልና በሆድ ዕቃ ባሉ የደም ሥሮች ጭምር፣ መርጋት ሊያስከትል እንደሚችል ታወቀ። ያው ክትባት በዚያው ዓመት ወደ ኢትዮጵያም ገብቶ ስለነበር ጉዳዩ እዚህም ብዙ አነጋገረ። ከዚያ ሁሉ ንግግር በሰዉ ዘንድ የቀረው ግን አንድ ቀላል ሐሳብ ነው፤ ደም የሚረጋው ስለሚወፍር ነው፣ መፍትሔውም የሚያቀጥን መድኃኒት መውሰድ ነው የሚል።

ይህ አስተሳሰብ ለብዙ ሕሙማን ያን ያህል ጉዳት የለውም። ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት ለሳምንታት አልጋ ላይ ከቆየ በኋላ እግሩ ላይ ደም የረጋበት ሰው ዋና መድኃኒቱ በእርግጥም የደም ማቅጠኛ ነው። የመርጋቱ ምንጭ የደም ሥሩ ግድግዳ መቆጣት ሲሆን ግን ነገሩ ይለወጣል፤ ማቅጠኛው ሁለተኛ ደረጃ ይይዛል፣ አንዳንድ ጊዜም ራሱ አደጋ ይሆናል። ይህ ልዩነት ጎልቶ ከሚታይባቸው ሕመሞች አንዱ ቤህቼት የተባለው የደም ሥር ብግነት (መቆጣት) በሽታ ነው፤ ከቤህቼት መዘዞች መካከልም እጅግ ከባድ ከሆኑት አንዱ ከጉበት ደም የሚያወጡት የደም መልሶች (ደምን ወደ ልብ የሚመልሱ የደም ሥሮች) መዘጋት፣ በሕክምና መጠሪያው በድ-ኪያሪ ሲንድረም ነው። በድ-ኪያሪ ሁለት ስሞችን ያጣመረ ነው፤ እንግሊዛዊው ሐኪም ጆርጅ በድ እ.ኤ.አ. በ1845፣ የኦስትሪያው ፓቶሎጂስት ሃንስ ኪያሪ ደግሞ በ1899 ስለ ሕመሙ ጽፈዋል። ሲንድረም ማለት አብረው የሚታዩ ምልክቶች ስብስብ ነው፤ መንስኤው አንድ ብቻ አይደለም፤ ቤህቼት ከብዙዎቹ አንዱ ነው።

ቤህቼት ምን ዓይነት በሽታ ነው?

እ.ኤ.አ. በ1937 የኢስታንቡሉ የቆዳ ሐኪም ሁሉሲ ቤህቼት እየተመላለሰ የሚወጣ የአፍ ቁስለት፣ የብልት ቁስለትና የዓይን ብግነት በአንድ ሰው ላይ ሲገናኙ ራሱን የቻለ አንድ በሽታ እንደሚያመለክቱ ጻፈ። ግሪካዊው የዓይን ሐኪም ቤኔዲክቶስ አዳማንቲያዲስ ከእሱ ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ ተመሳሳይ ሕመምተኛ ገልጾ ስለነበር በሽታውን በሁለቱም ስም የሚጠሩ ጸሐፊዎች አሉ። በሽታው ከሜዲትራኒያን ባሕር ምሥራቃዊ ዳርቻ ተነሥቶ በኢራን በኩል እስከ ኮሪያና ጃፓን ባለው፣ የጥንቱን የሐር ንግድ መስመር በሚከተል ቀጠና በብዛት ይታያል፤ ከፍተኛው ሥርጭት የተመዘገበው በቱርክ ነው። ኤች ኤል ኤ-ቢ 51 የተባለ በዘር የሚተላለፍ ምልክት ከበሽታው ጋር ተያይዟል፤ ሆኖም ምልክቱን የያዘ ሰው ሁሉ አይታመምም፣ ቤህቼት ያለበት ሰው ሁሉ ምልክቱን ይይዛል ማለትም አይደለም።

ከሰሃራ በታች ባሉ አገሮች ቤህቼት እንደ ብርቅ በሽታ ይቆጠራል። ይህ አነስተኛ ቁጥር ግን ሁለት ትርጉም ሊኖረው እንደሚችል መዘንጋት የለበትም፤ በሽታው በእርግጥ ጥቂት ሊሆን ይችላል፣ ወይም ደግሞ በሌላ ስም እየተጠራ ያልፋል። ሁለተኛውን ጥርጣሬ የሚያጠናክሩ ምክንያቶች በእኛው አገር አሉ። አፉ አካባቢ የሚቆስል ሰው «ምች መታኝ» ብሎ ዳማከሴ አሽቶ መቀባቱ የተለመደ ነው፤ ምች የሚባለው ከንፈር ላይ የሚወጣ፣ ብዙውን ጊዜ ቫይረስ የሚያመጣው ቁስል ሲሆን የቤህቼቱ ግን በጉንጭ ውስጠኛ ገጽ፣ በምላስና በድድ ላይ የሚወጣ፣ ዙሪያው የቀላ፣ የሚያም ቁስለት ነው። የብልቱ ቁስለት ደግሞ ከአባላዘር በሽታ ጋር ይምታታል፤ ሕመምተኛው ከመሸማቀቁ የተነሣ ለማንም አይናገርም፣ ወይም ከመድኃኒት ቤት የአንቲባዮቲክ ክኒን ገዝቶ ይውጣል፣ ቁስሉም በራሱ ጊዜ ስለሚድን መድኃኒቱ የሠራ ይመስለዋል። ከዓመታት በኋላ ሆዱ ሲነፋ የሚያየው ሐኪም ስለ አፉም ሆነ ስለ ብልቱ ካልጠየቀው፣ ታማሚው ከሆዱ ጋር ያገናኛቸዋል ተብሎ አይጠበቅም።

በሽታውን በእርግጠኝነት የሚያሳውቅ አንድም የደም ምርመራ የለም። ሐኪሞች የሚመረኮዙት በታሪክና በምልክቶች ድምር ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመው ዓለም አቀፍ መስፈርት ለአፍ ቁስለት፣ ለብልት ቁስለትና ለዓይን ብግነት ለእያንዳንዳቸው 2 ነጥብ፣ ለቆዳ፣ ለነርቭና ለደም ሥር ችግር ለእያንዳንዳቸው 1 ነጥብ ይሰጣል፤ ድምሩ 4 ከደረሰ ቤህቼት ነው ለማለት በቂ ይሆናል። ፓተርጂ የሚባል ፍተሻም አለ፤ የክንድ ቆዳ በንጹሕ መርፌ ተወግቶ ከአንድ ወይም ከሁለት ቀን በኋላ በቦታው ላይ ብጉር መሰል እብጠት ከወጣ ተጨማሪ 1 ነጥብ ያስገኛል። ይህ ፍተሻ ገንዘብ የማይጠይቅ ሆኖ ሳለ ስለ በሽታው ጠባይ ብዙ ይናገራል፤ አካሉ ለትንሽ ጉዳት ከመጠን ያለፈ ብግነት ይመልሳል ማለት ነውና።

ደሙ የሚረጋው ለምንድን ነው?

ቫስኩላይቲስ የሚባለው የሰውነት የመከላከያ ሥርዓት የደም ሥር ግድግዳን የሚያስቆጣበትና የሚጎዳበት የበሽታዎች ቤተሰብ ነው። ከዚህ ቤተሰብ አብዛኞቹ የሚያጠቁት የታወቀ መጠን ያለውን ደም ቅዳ ሲሆን፣ ቤህቼት ግን ትንሹንም ትልቁንም፣ ደም ከልብ የሚወስደውን ደም ቅዳም ሆነ ወደ ልብ የሚመልሰውን ደም መልስ ያጠቃል። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣው የቻፕል ሂል የደም ሥር ብግነቶች የስያሜ ስምምነት ከብዙዎቹ ለይቶ «መጠኑ ተለዋዋጭ የሆነ የደም ሥር ብግነት» በሚል ክፍል ያስቀመጠው ለዚህ ነው። እንደየጥናቱ ከ15 እስከ 40 በመቶ የሚሆኑ ሕሙማን የደም ሥር ችግር ይገጥማቸዋል፤ አብዛኛው ችግር በደም መልስ በኩል ሲሆን፣ የእግር ደም መልስ ይበዛል፣ ተጠቂዎቹም በብዛት ወጣት ወንዶች ናቸው።

በተለመደው የደም መርጋት ሦስት ነገሮች ይታሰባሉ፤ የደም ፍሰት መዘግየት፣ የደሙ የመርጋት ዝንባሌ መጨመርና የግድግዳው መጎዳት። በቤህቼት የሚያመዝነው ሦስተኛው ነው። ኒውትሮፊል የተባሉት ነጭ የደም ሴሎች ከልክ በላይ ነቅተው ኦክስጅን ያዘሉ ጎጂ ሞለኪውሎችን ይለቃሉ፤ እነዚህም የደም ሥሩን ውስጠኛ ሽፋን ያቆስላሉ። ጉዳቱ በዚህ ብቻ አያበቃም። እ.ኤ.አ. በ2016 የኢጣሊያ ተመራማሪዎች እንዳሳዩት፣ ፋይብሪኖጅን የተባለው የደም ፕሮቲን ራሱ በእነዚህ ሞለኪውሎች ይለወጣል፤ ከተለወጠው ፕሮቲን የሚሠራው ፋይብሪን የተባለ የረጋ ደም ድርም ፕላዝሚን በተባለው የሰውነት የተፈጥሮ አሟሚ በቀላሉ አይሟሟም። እንግዲህ ብግነቱ መርጋትን ይቀሰቅሳል፣ የረጋውም እንዳይሟሟ ያደርጋል። በዘር የሚወረሱ የደም መርጋት ዝንባሌዎች አንዳንድ ሕሙማን ላይ ቢገኙም አብዛኛውን መርጋት አይገልጹም።

ከዚህ አሠራር አንድ ጠቃሚ ውጤት ይከተላል። በሌሎች ሕሙማን እግር ላይ የረጋ ደም ትልቁ ሥጋት ተቆርሶ ወደ ሳንባ መሄዱ ነው። በቤህቼት የረጋው ደም ከተቆጣው ግድግዳ ጋር አጥብቆ ስለሚጣበቅ ወደ ሳንባ መጓዙ ብርቅ ነው። ያለበት ቦታ ላይ ይቆያል፣ ደም ሥሩን ይደፍናል፣ እያደገም ወደ ላይ ይወጣል። የጉበቱ ጉዳይ የሚመጣው ከዚህ ነው።

ከሆድ ዋና ደም መልስ እስከ ጉበት

ጉበት ደም የሚያገኘው ከሁለት በኩል ነው፤ ሦስት አራተኛው ያህል ከአንጀትና ከጣፊያ ደም በሚያመጣው ፖርታል ደም መልስ፣ ቀሪው ከጉበት ደም ቅዳ። መውጫው ግን አንድ ዓይነት ነው፤ የቀኝ፣ የመካከለኛና የግራ የጉበት ደም መልሶች ደሙን ሰብስበው ከጉበት ጀርባ ወደሚያልፈው ቬና ካቫ፣ ማለትም ከእግርና ከሆድ ደም ወደ ልብ ወደሚመልሰው ዋና ደም መልስ፣ ያስገባሉ። ቦዩ ታች ሲደፈን ውሃው ወደ ማሳው እንደሚተኛ ሁሉ፣ እነዚህ መውጫዎች ሲዘጉ ደሙ ጉበት ውስጥ ይጠራቀማል፤ ጉበቱ ያብጣል፣ ያማል፣ ከውስጡ የሚመነጨው ፈሳሽም ወደ ሆድ ክፍተት ይንጠባጠባል። በጉበቱ ውስጥ ያለው ግፊት ወደ ፖርታል ደም መልስም ስለሚተላለፍ ጣፊያ ይተልቃል፣ በምግብ ቧንቧ ታችኛ ክፍልም ሊደሙ የሚችሉ የተወጣጠሩ ደም መልሶች ይፈጠራሉ።

በቤህቼት ብዙ ጊዜ የሚታየው ቬና ካቫና የጉበት ደም መልሶች አብረው መዘጋታቸው ነው። በመሆኑም ታማሚው ከሆዱ ማበጥ በፊት ወይም አብሮ የሁለቱም እግሮቹ እብጠት ይኖረዋል፤ በሆዱና በደረቱ ቆዳ ሥር ደግሞ የተጠማዘዙ ደም መልሶች ይወጣሉ። እነዚህ ደም መልሶች አቅጣጫቸው ትርጉም አለው፤ በጣት ተጭኖ ሲለቀቅ ከእምብርት በታች ያሉት ሳይቀሩ ወደ ላይ የሚሞሉ ከሆነ፣ ደሙ የተዘጋውን ዋና መንገድ ትቶ በቆዳ ሥር ወደ ልብ እየተጓዘ መሆኑን ያሳያል። ማሽን ባይኖርም በአልጋው ዳር ሊታይ የሚችል ምልክት ነው።

በድ-ኪያሪ ከቤህቼት ሕሙማን ከ5 በመቶ በታች በሆኑት ላይ የሚደርስ ነው። ስለ ጉዳዩ ብዙ ትምህርት የተገኘው ኢስታንቡል ከሚገኘው የጀራህፓሻ የሕክምና ትምህርት ቤት የቤህቼት ክሊኒክ ነው፤ ከ9000 ገደማ ሕሙማን መካከል 43ቱ በድ-ኪያሪ የነበረባቸው ሲሆን፣ ከእነርሱም 40ዎቹ ወንዶች ነበሩ። ከሁሉም ይልቅ የሚያስገርመው ከ43ቱ 10ሩ የጉበት ሕመም ስሜት ያልነበራቸው፣ ለሌላ ምክንያት ሲመረመሩ የተገኘባቸው መሆኑ ነው። መዝጋቱ ቀስ ብሎ ሲከናወን አካሉ አማራጭ የደም መንገዶችን የመክፈት ጊዜ ያገኛል፤ በተጨማሪም ኮዴት የተባለው የጉበት ክፍል የራሱ ትናንሽ መውጫዎች በቀጥታ ወደ ቬና ካቫ ስላሉት፣ ሌላው ሲጎዳ እሱ እየተለቀ የተወሰነ ሥራ ይሸፍናል። እግራቸው ላይ ደም የረጋባቸውን የቤህቼት ሕሙማን ሆዳቸውንም በአልትራሳውንድ ማየት ተገቢ ነው የሚሉ ሐኪሞች ክርክራቸውን የሚመሠርቱት በዚህ ዓይነቱ ድምፅ አልባ መዘጋት ላይ ነው።

ሆድ ውሃ ሲቋጥር

በኢትዮጵያ የውስጥ ደዌ ክፍል ሆዱ ውሃ የቋጠረ ወጣት ሲመጣ በቅድሚያ የሚታሰቡት የሆድ ቲቢ፣ በሄፓታይተስ ቢ ወይም ሲ የተጎዳ ጉበት፣ በቢልሃርዚያ የመጣ የፖርታል ግፊትና የልብ ችግር ናቸው። ይህ ቅደም ተከተል በሥርጭታቸው ስፋት የተመሠረተ ስለሆነ ስሕተት የለበትም። ችግሩ ዝርዝሩ እዚያው ላይ ሲቆም ነው። ምርመራው አሻሚ የሆነበት ታማሚ «ለማንኛውም» ተብሎ የቲቢ መድኃኒት ሲጀመርለት፣ የጉበቱ መውጫ የተዘጋበት ሰው ለወራት ወደ ተሳሳተ አቅጣጫ ሊሄድ ይችላል።

ከሆድ የሚቀዳው ውሃ ብዙ ይነግራል። በደም ውስጥ ካለው አልቡሚን የተባለ ፕሮቲን በውሃው ውስጥ ያለው ሲቀነስ ልዩነቱ በዴሲሊትር 1.1 ግራም ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ፣ የውሃው ምክንያት ከፍ ያለ የፖርታል ግፊት ነው ማለት ነው፤ በሆድ ቲቢ ልዩነቱ አብዛኛውን ጊዜ ከዚህ ያንሳል። ልዩነቱ ከፍ ብሎ የውሃው ጠቅላላ ፕሮቲንም ከ2.5 ግራም ከበለጠ፣ ጉበቱ ራሱ ከመጠጠሩ በፊት መውጫው ላይ የሆነ እንቅፋት አለ የሚል ጥርጣሬ ይነሣል። እንቅፋቱ የጉበት ደም መልስ ሊሆን ይችላል፣ ወይም ልብን የሚሸፍነው ከረጢት በቲቢ ጠጥሮ ልብን ሲያንቅ የሚመጣ ሊሆን ይችላል። ሁለቱን የሚለየው ሕመምተኛውን መመርመርና የምስል ምርመራ ነው። ዶፕለር አልትራሳውንድ፣ ማለትም የደምን ፍሰትና አቅጣጫ የሚያሳይ አልትራሳውንድ፣ በሠለጠነ እጅ አብዛኛውን የጉበት ደም መልስ መዘጋት ይለያል። ስለዚህ በጥያቄ ወረቀቱ ላይ «የሆድ አልትራሳውንድ» ብቻ ተብሎ መጻፉና «የጉበት ደም መልሶችና ቬና ካቫ በዶፕለር ይታዩ» ተብሎ መጻፉ አንድ አይደሉም፤ ያልተፈለገ ነገር ብዙ ጊዜ አይታይም።

እዚህ ላይ ከበድ-ኪያሪ ጋር የሚቀራረብ፣ በአገራችን የታየ ሌላ ሕመም መለየት ይገባል። ከ2000ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ ጀምሮ በሰሜን ምዕራብ ትግራይ አንዳንድ ቀበሌዎች ሆድ የሚያሳብጥና የሚገድል የጉበት በሽታ ተከስቶ ነበር። ተመራማሪዎች ዋነኛ ተጠርጣሪ ያደረጉት ከእህል ጋር በሚቀላቀል አረም ውስጥ የሚገኙትን ፓይሮሊዚዲን አልካሎይድ የተባሉ መርዞች ነው። እነዚህ መርዞች የሚዘጉት በጉበቱ ውስጥ ያሉትን በዓይን የማይታዩ ረቂቅ የደም መንገዶች ሲሆን፣ በድ-ኪያሪ ግን በትልልቆቹ መውጫዎች ላይ የሚደርስ ነው። ውጤቱ ተመሳሳይ ቢመስልም መንስኤውም ሕክምናውም ይለያያል።

ቤህቼት መኖሩ ሲታወቅም ሌላ መንስኤ መፈለግ አይቀርም። በምዕራቡ ዓለም ከበድ-ኪያሪ ሕሙማን ወደ ግማሽ የሚጠጉት የደም ሴሎች ከልክ በላይ የሚመረቱበት የመቅኔ በሽታ አለባቸው፤ ብዙዎቹም ጃክ 2 በተባለ የዘረ መል ለውጥ ምርመራ ይታወቃሉ። የእርግዝና መከላከያ ክኒን፣ እርግዝና፣ ፀረ-ፎስፎሊፒድ የተባሉ ፀረ እንግዳ አካላትም ከመንስኤዎቹ ይቆጠራሉ። በአንድ ሰው ላይ ሁለት መንስኤ መገኘቱ እንግዳ ነገር አይደለም።

ማቅጠኛ ወይስ የብግነት ማብረጃ?

ክርክሩ የሚከርረው ሕክምናው ላይ ነው፤ የክርክሩም ሥር ሁለት የሕክምና ዘርፎች በአንድ ታማሚ ላይ ሁለት የተለያዩ መመሪያዎች ይዘው መምጣታቸው ነው።

የጉበት ሐኪሞች ለበድ-ኪያሪ ያላቸው መርሕ ግልጽ ነው። መንስኤው ምንም ይሁን፣ የከፋ የደም መፍሰስ ሥጋት እስከሌለ ድረስ፣ በሄፓሪን መርፌ ተጀምሮ በዋርፋሪን ክኒን የሚቀጥል የደም ማቅጠኛ ለረዥም ጊዜ፣ አብዛኛውን ጊዜም ለዕድሜ ልክ ይሰጣል። ይህ አሠራር የበሽታውን ገዳይነት በእጅጉ እንደቀነሰ ስለሚታመን በቀላሉ የሚተዉት አይደለም።

የሩማቶሎጂ ሐኪሞች፣ ማለትም የመገጣጠሚያና የብግነት በሽታዎች ስፔሻሊስቶች፣ ከሌላ አቅጣጫ ይመጣሉ። የአውሮፓ የሩማቶሎጂ ማኅበራት ጥምረት እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው የቤህቼት መመሪያ በደም መልስ ላይ አዲስ መርጋት ሲከሰት ስቴሮይድና እንደ አዛታዮፕሪን፣ ሳይክሎፎስፋማይድ ወይም ሳይክሎስፖሪን ያሉ የመከላከያ ሥርዓትን የሚያበርዱ መድኃኒቶች እንዲሰጡ ይመክራል፤ እነዚህ ካልበቁ ቲ ኤን ኤፍ የተባለውን የብግነት መልእክተኛ የሚያግዱ እንደ ኢንፍሊክሲማብ ያሉ መድኃኒቶች ይከተላሉ። ማቅጠኛው ሊጨመር የሚችል ነገር ሆኖ ነው የተቀመጠው፤ የደም መፍሰስ ሥጋቱ ዝቅተኛ ከሆነና የሳንባ ደም ቅዳ እብጠት አለመኖሩ ከተረጋገጠ በኋላ። ለዚህ አቋም መደገፊያ ከሆኑት ጥናቶች አንዱ እ.ኤ.አ. በ2012 ከፈረንሳይ የወጣው ነው፤ ከ807 የቤህቼት ሕሙማን 296ቱ የደም መልስ መርጋት የነበረባቸው ሲሆን፣ የመከላከያ ማብረጃ በወሰዱት ላይ መርጋቱ ዳግም የመከሰት ዕድሉ ወደ ሩብ ገደማ ዝቅ ብሏል።

የሁለቱም ወገን ማስረጃ ድክመት አለበት። በሽታው ብርቅ በመሆኑ ሕሙማንን በዕጣ ከፍሎ አንዱን ቡድን በማቅጠኛ፣ ሌላውን በማብረጃ ብቻ ለማከም የሚያስችል ትልቅ ጥናት ለቤህቼት በድ-ኪያሪ አልተደረገም፤ ያሉት የሆስፒታል መዝገቦችን ወደ ኋላ ተመልሰው ያገላበጡ ጥናቶች ናቸው። የእግር ደም መልስን ውጤት ወደ ጉበት ማሻገርም ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ እግር ላይ አንድ ደም መልስ ቢዘጋ ሌላ መንገድ ይኖራል፣ የጉበት መውጫ ግን ሲጠብ ሕይወት ላይ ይመጣል። የአውሮፓው መመሪያም ቢሆን በጉበትና በአንጎል ደም መልስ ጉዳይ ማቅጠኛን ፈጽሞ አልከለከለም። በተግባር አብዛኞቹ ማዕከላት ሁለቱንም አጣምረው ይሰጣሉ።

የዚህ ጸሐፊ ግምት እንዲህ ነው፤ «ማቅጠኛ ይሰጥ ወይስ አይሰጥ» የሚለው ጥያቄ ከሚገባው በላይ ቦታ ይዟል። ጉዳት የሚያደርሰው ማቅጠኛው መጨመሩ ወይም መቅረቱ ሳይሆን፣ ማቅጠኛው ሲጀመር የሕክምናው ሥራ የተጠናቀቀ ተደርጎ መቆጠሩ ነው። በዋርፋሪን ላይ እያለ ሁለተኛና ሦስተኛ ጊዜ የሚረጋበት ወጣት ሲታይ «ክኒኑን በትክክል አልወሰደም» የሚል ግምት ይቀድማል፤ መጠኑም ይጨመራል። ከበስተጀርባ ያልታከመ ብግነት ካለ ግን የመጠኑ መጨመር የሚያበዛው የመድማትን አደጋ ነው።

ዋርፋሪን በጉበት ሕመምተኛ ላይ የራሱ ችግር እንዳለውም ማስታወስ ያሻል። የመድኃኒቱ መጠን የሚለካው አይ ኤን አር በተባለ የደም ምርመራ ነው፤ የደም ማርጊያ ፕሮቲኖችን የሚሠራው ግን ራሱ ጉበት በመሆኑ፣ ጉበቱ የተጎዳ ሰው መድኃኒቱን ሳይጀምር አይ ኤን አሩ ከፍ ብሎ ሊገኝ ይችላል። ይህ ከፍታ ከመርጋት ይጠብቃል ማለት አይደለም። በአገራችን ዋርፋሪን በይበልጥ የሚታወቀው በሩማቲክ የልብ ሕመም ምክንያት ቫልቫቸው በተጎዳ ወይም በተቀየረላቸው ሕሙማን ዘንድ ስለሆነ፣ ከዚያ የተለመደውን አለካክ ወደ ጉበት ሕመምተኛ እንዳለ መውሰድ ያሳስታል።

ሳንባ ሳይታይ

ቤህቼት የሳንባ ደም ቅዳን ሲያጠቃ ግድግዳው ሳስቶ እንደ ፊኛ ያብጣል፤ ይህ አኑሪዝም ይባላል። ሲቀደድ ታማሚው በደቂቃዎች ውስጥ ብዙ ደም ሊያስልና ሊሞት ይችላል። የሳንባው እብጠትና የደም መልስ መርጋት በአንድ ሰው ላይ አብረው መገኘታቸው የታወቀ ነው፤ ሁለቱም የሚያዘወትሩት ወጣት ወንዶችን ነው።

ወጥመዱ እዚህ ላይ ነው። እግሩ ላይ ደም የረጋበት ወጣት ደም ሲያስል በድንገተኛ ክፍል የሚመጣው የመጀመሪያ ሐሳብ የረጋው ደም ተቆርሶ ሳንባ ገባ የሚል ነው፤ ለዚህ የተለመደው መልስም ማቅጠኛ፣ ሲከፋም የረጋ ደምን የሚያሟሟ መድኃኒት ነው። በቤህቼት ሕመምተኛ ግን የደም ማሳሉ ምንጭ የፈነዳ ወይም ሊፈነዳ የተቃረበ አኑሪዝም ሊሆን ይችላል፤ እንግዲያው የተሰጠው መድኃኒት መድማቱን ያባብሳል። በእኛ አገር ደግሞ ደም ማሳል መጀመሪያ የሚያስጠረጥረው ቲቢን ነው፤ ያም ራሱን የቻለ መዘግየት ያመጣል። ስለዚህ ቤህቼት በተጠረጠረበት ማንኛውም የደም መርጋት፣ የጉበቱንም ጨምሮ፣ ማቅጠኛ ከመጀመሩ በፊት ደረትን የደም ሥር መለያ ቀለም በመርፌ ተሰጥቶ በሚነሣ ሲቲ ስካን ማየት የሚመከረው አለምክንያት አይደለም። ተራው የደረት ራጅ ትልልቁን እብጠት ሊያሳይ ቢችልም ትንሹን ያሳልፋል።

መከላከያን ማብረድ በቲቢ አገር

የመከላከያ ማብረጃዎች ቱርክ ወይም ፈረንሳይ ውስጥ ሲታዘዙና አዲስ አበባ ወይም ጎንደር ውስጥ ሲታዘዙ የሚከበቡበት ሁኔታ አንድ አይደለም። ስቴሮይድና በተለይም የቲ ኤን ኤፍ አጋጆች በሰውነት ውስጥ ተኝቶ የኖረን ቲቢ ይቀሰቅሳሉ። ሄፓታይተስ ቢም እንዲሁ ሊነሣ ይችላል፤ ቀድሞውኑ የታፈነ ጉበት ላይ የቫይረሱ መነሣት የሚያስከትለውን መገመት አያዳግትም። ስትሮንጂሎይደስ የተባለው ከአፈር የሚገባ የአንጀት ትል እንኳ በስቴሮይድ ምክንያት ተባዝቶ መላ ሰውነትን ሊወር ይችላል። ስለዚህ መድኃኒቶቹ ከመጀመራቸው በፊት የደረት ራጅ፣ የሄፓታይተስና የኤች አይ ቪ ምርመራ፣ የሰገራ ምርመራ ወይም የትል መድኃኒት ቅድመ ሁኔታዎች ይሆናሉ።

ከዚህ ይበልጥ የሚያወሳስበው የመድኃኒቶች መጋጨት ነው። የቲቢ ሕክምና ዋና ምሰሶ የሆነው ሪፋምፒሲን ጉበት ዋርፋሪንን በፍጥነት እንዲያስወግድ ያደርጋል፤ ስቴሮይድንም እንዲሁ። በሆድ ውሃ ምክንያት በጥርጣሬ የቲቢ መድኃኒት የተጀመረለት፣ ኋላ ላይ በድ-ኪያሪ ተገኝቶበት ዋርፋሪንና ፕሬድኒሶሎን የተባለ ስቴሮይድ የታዘዘለት ሰው፣ ሁለቱም መድኃኒቶች በሚጠበቀው መጠን ላይሠሩለት ይችላሉ። ሪፋምፒሲኑ ሲያልቅ ደግሞ ተቃራኒው ይመጣል፤ ከፍ ተደርጎ የነበረው የዋርፋሪን መጠን ካልተቀነሰ መድማት ይከተላል። ቲቢን ለመከላከል የሚሰጠው አይሶናያዚድም ጉበትን ሊጎዳ ስለሚችል ክትትል ይጠይቃል።

ሳይክሎፎስፋማይድ በበኩሉ መካንነት ሊያስከትል ይችላል። ታማሚዎቹ በአብዛኛው ገና ቤተሰብ ያልመሠረቱ ወጣቶች መሆናቸው ሲታሰብ፣ ጉዳዩ ሕክምናው ከመጀመሩ በፊት በግልጽ ሊነገራቸው ይገባል።

መንገድ መክፈትና ከዚያ በኋላ

መድኃኒት ብቻውን ካልበቃ፣ የጠበበውን ደም መልስ በፊኛ መወጠር፣ ወይም ቲፕስ የተባለውን ዘዴ ተጠቅሞ በጉበቱ ውስጥ ፖርታል ደም መልስን ከመውጫው ጋር የሚያገናኝ ሰው ሠራሽ ቱቦ ማስገባት ይቻላል። በቤህቼት ግን በመርፌ ሲወጋ እብጠት የሚያወጣ አካል ለቱቦም ተመሳሳይ መልስ ሊሰጥ ይችላል፤ ብግነቱ ሳይበርድ የገባ ቱቦ በአዲስ መርጋት ይደፈናል፣ በተወጋው ደም ቅዳ ላይም አኑሪዝም ሊበቅል ይችላል። ስለሆነም አስቸኳይ ካልሆነ በስተቀር አሠራሩ ብግነቱ በመድኃኒት ከረገበ በኋላ ቢሆን ይመረጣል።

የመጨረሻው አማራጭ ንቅለ ተከላ ነው። ኢትዮጵያ የኩላሊት ንቅለ ተከላን እ.ኤ.አ. በ2015 በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል የጀመረች ሲሆን፣ ለጉበት ግን ሕሙማን ወደ ሕንድና ወደ ቱርክ ማማተራቸው የተለመደ ነው። አዲስ ጉበት የተዘጋውን ይተካል እንጂ የደም ሥር ብግነቱን አያጠፋም፤ ከንቅለ ተከላ በኋላም የማብረጃ ሕክምናው ለራሱ ለቤህቼት ጭምር መቃኘት ይኖርበታል።

የሕሙማኑን ዕጣ ፈንታ በይበልጥ የሚወስነው በምርመራው ሰዓት የነበሩበት ሁኔታ ነው። በጀራህፓሻ ተከታታይ ጥናት የጉበት ምልክት ይዘው ከመጡት መካከል ብዙዎቹ ሕይወታቸው ያለፈ ሲሆን፣ ድምፅ አልባ የነበሩት የተሻለ ዕድል ነበራቸው። አሁንም መልስ ያላገኘው ጥያቄ ሕክምናው መቼ ይቁም የሚለው ነው። የቤህቼት የቆዳና የአፍ ምልክቶች በዕድሜ እየደከሙ ይሄዳሉ፤ የታማሚውን ልብ የሚያሳርፈውም እነዚህ መጥፋታቸው ነው። የትልልቅ ደም ሥሮች ችግር ግን በሽታው ከጀመረ ከ5 እስከ 10 ዓመት ዘግይቶ ሊመጣ እንደሚችል ከኢስታንቡል የረዥም ጊዜ ክትትሎች ታውቋል። በመሆኑም አፉ መቁሰል ስላቆመ ብቻ አዛታዮፕሪኑን በራሱ ፈቃድ ያቋረጠ ሰው፣ የጉበቱ ዶፕለርና የብግነት ምርመራዎቹ ምን እንደሚሉ ሳያውቅ ነው ያቋረጠው።